የሩጫ ጫማ አመራረጥ፦ ወፍራም ሶል፣ ስስ ሶል ወይስ ባዶ እግር?

ሐኪም «እንቅስቃሴ ያድርጉ» ሲል ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ምን ዓይነት ጫማ ልግዛ?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ለስኳር፣ ለደም ግፊት ወይም ለክብደት ብለው ሩጫ ከጀመሩ ሰዎች መካከል በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ተረከዛቸውን፣ ቅልጥማቸውን ወይም ጉልበታቸውን አሟቸው የሚያቆሙት ጥቂት አይደሉም። ሩጫውን ሲያቆሙ የሚቀረው የእግር ሕመሙ ብቻ ሳይሆን ስኳሩን ወይም ግፊቱን ለመቆጣጠር የጀመሩት ጥረትም ጭምር ነው።

በሌላ በኩል ስለ ጫማ የሚነገረው ብዙ ነው። አንዱ «ወፍራም ሶል ያለውን ግዛ» ይላል፣ ሌላው «ጫማ እግርን ያሰንፋል፣ በባዶ እግር ሩጥ» ይላል፣ ሻጩ ደግሞ ውዱን ያሳያል። ይህ ጽሑፍ በጥናት የታወቀውን ከገበያው ወሬ ለይቶ ያስረዳል።

በአጭሩ

• ለአብዛኛው ሰው ጥሩ የሩጫ ጫማ ማለት ልኩ የሆነ፣ ሲለብሱት ከመጀመሪያው ጀምሮ የሚመች ጫማ ነው።
• ውድ ዋጋ ከጉዳት ለመዳን ዋስትና አይሆንም።
• አብዛኛው የሩጫ ጉዳት የሚመጣው ሰውነት ሳይለምድ ርቀት ወይም ፍጥነት በመጨመር ነው።
• በባዶ እግር ወይም በስስ ሶል መሮጥ ለአንዳንድ ጤነኛ ሰዎች ይስማማል፤ ነገር ግን መልመዱ ወራት ይፈልጋል።
• የስኳር ሕመም ያለባቸው፣ በተለይም እግራቸው የሚደነዝዝ ሰዎች፣ በባዶ እግር መሮጥም መራመድም የለባቸውም።

ጫማ ምን ይሠራል?

ስንሮጥ በእያንዳንዱ እርምጃ እግራችን ላይ የሚያርፈው ኃይል ከሰውነታችን ክብደት ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ይደርሳል። 70 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው በአንድ እግሩ ከ140 እስከ 210 ኪሎ የሚሆን ጫና ይቀበላል ማለት ነው። ጫማ ይህን ጫና አያጠፋውም፤ በአብዛኛው የሚያርፍበትን ቦታ ይቀይረዋል።

ተረከዙ ከፍ ያለና ለስላሳ ጫማ ብዙ ሰው በተረከዙ እንዲያርፍ ያደርጋል፤ ያን ጊዜ ጉልበት የበለጠ ይሠራል። ሶሉ ስስና ጠፍጣፋ የሆነ ጫማ ደግሞ ብዙውን ጊዜ በፊት እግር ወይም በመሀል እግር ማረፍን ያመጣል፤ ሥራው ወደ ባት፣ ወደ ተረከዝ ጅማትና ወደ እግር ጣቶች ወደሚሄዱት ቀጫጭን አጥንቶች ይዛወራል። ስለዚህ ጫማ መቀየር ለጉልበት ሲያቀል ለባት ሊከብድ ይችላል። «ለሁሉም የሚሆን ምርጥ ጫማ» የሌለው በዚህ ምክንያት ነው።

ዋና ዋና የጫማ ዓይነቶች

1. መደበኛ የሩጫ ጫማ። መካከለኛ ውፍረት ያለው ሶል አለው። ተረከዙ ከፊት እግሩ ከ8 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ከፍ ይላል። ለጀማሪ አብዛኛውን ጊዜ የሚመከረው ይህ ነው።

2. ደጋፊ ጫማ። እግር ሲያርፍ ወደ ውስጥ እንዳያዘነብል ተብሎ በውስጥ በኩል ጠንከር ተደርጎ ይሠራል።

3. በጣም ወፍራም ሶል ያለው ጫማ። ለስላሳ ነው፣ ብዙዎች ይወዱታል። ሆኖም ከፍታው ቁርጭምጭሚታቸው ለሚታጠፍባቸውና ሚዛን ለመጠበቅ ለሚቸገሩ አረጋውያን ላይመች ይችላል።

4. ስስ ሶል ያለው ቀላል ጫማ። የተረከዙና የፊት እግሩ ከፍታ እኩል ወይም ተቀራራቢ ነው፤ እንደ ልብ ይተጣጠፋል። በባዶ እግር የመሮጥን ስሜት ለመስጠት የተሠራ ነው።

5. የውድድር ጫማ። በውስጡ የካርቦን ዝርግ ያለበት፣ በጣም ቀላልና ውድ ጫማ ነው። ትዕግሥት አሰፋ እ.ኤ.አ. በ2023 በርሊን ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ስትገባ ያደረገችው ጫማ 138 ግራም ያህል ብቻ የሚመዝን ነበር። እንዲህ ያለው ጫማ የተሠራው ለፍጥነት እንጂ እግርን ለመጠበቅ ወይም ብዙ ጊዜ ለማገልገል አይደለም። ለጤና ብሎ ለሚሮጥ ሰው አያስፈልገውም።

«እግሬ ጠፍጣፋ ነው፣ የተለየ ጫማ ያስፈልገኛል?»

ለብዙ ዓመታት የተለመደው ምክር የውስጥ እግርን ቅርጽ አይቶ ጫማ መምረጥ ነበር። እግርን አርጥቦ ወለል ላይ በመርገጥ ጠፍጣፋ መሆኑን መለየት የሚለው ዘዴ የመጣው ከዚህ ነው።

ይህ ምክር በጥናት ሲፈተሽ እንደታሰበው ሆኖ አልተገኘም። በአሜሪካ ጦር ሠራዊት ምልምሎች ላይ በተደረጉ ሰፋፊ ጥናቶች፣ በእግራቸው ቅርጽ ተመርጦ ጫማ የተሰጣቸው ወታደሮች ቅርጹ ሳይታይ አንድ ዓይነት ጫማ ከተሰጣቸው ያነሰ ጉዳት አልደረሰባቸውም። ዴንማርክ ውስጥ 927 ጀማሪ ሯጮችን ለአንድ ዓመት የተከታተለ ጥናትም እግራቸው ሲያርፍ ወደ ውስጥ የሚያዘነብል ሰዎች በመደበኛ ጫማ ሲሮጡ ከሌሎቹ የበለጠ እንዳልተጎዱ አሳይቷል።

ስለዚህ እግርዎ ጠፍጣፋ ቢሆንም ሕመም ከሌለዎት በዚህ ብቻ አይጨነቁ። ሕመም ካለ፣ ጠፍጣፋነቱ በአንድ እግር ብቻ ከሆነ ወይም በቅርቡ የመጣ ከሆነ ግን ምርመራ ያስፈልገዋል።

ሲገዙ ምን ይመልከቱ?

• ከሰዓት በኋላ ወይም ወደ ማታ ይግዙ። እግር ቀኑን ሲቆም ሲሄድ ስለሚውል ያብጣል፤ ጠዋት ልክ የሆነ ጫማ ማታ ሊጠብ ይችላል።
• ሁለቱንም እግር ይለኩ። የብዙ ሰው አንድ እግር ከሌላው ይበልጣል። በትልቁ እግር ልክ ይግዙ።
• ቁጥሩን አይመኑ። የአንዱ ፋብሪካ 42 ከሌላው 42 ጋር ላይገጥም ይችላል።
• ሲሮጡ የሚያደርጉትን ካልሲ አድርገው ይሞክሩ።
• ቆመው ይፈትሹ። ከረጅሙ ጣትዎ ፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ክፍት ቦታ ይኑር። ረጅሙ ጣት ሁልጊዜ የመጀመሪያው አይደለም፤ በአንዳንድ ሰው ሁለተኛው ይረዝማል። ቦታ ሲያንስ በተለይ ቁልቁለት ላይ ጥፍር ይጠቁራል።
• ጣቶችዎ ወደ ጎን የሚዘረጉበት ስፋት ይኑር። ተረከዝዎ ግን ከጫማው እየወጣ መንሸራተት የለበትም።
• ሱቁ ውስጥም ሆነ በሩ ላይ ጥቂት ሮጥ ሮጥ ይበሉ። «ሲለመድ ይሰፋል» በሚል ተስፋ የሚቆረቁር ጫማ አይግዙ።
• የሚሮጡበትን ቦታ ያስቡ። ለአስፋልት ለስላሳ ታች ያለው ይበቃል። እንደ እንጦጦ ላለ ጠጠርና ጭቃ ላለበት ዳገት ግን ታቹ ጥርስ ያለው፣ የማያንሸራትት ጫማ ይሻላል።

ቦንዳና ፎርጅድ ጫማ

አቅም ሳይፈቅድ ሲቀር ቦንዳ መግዛት ነውር የለውም። ነገር ግን ሦስት ነገር ይፈትሹ። አንደኛ፣ ጫማውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ከኋላ ይዩት፤ ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ የቀድሞው ባለቤት አረጋገጥ ቀርጾበታልና ይተዉት። ሁለተኛ፣ ሶሉን በአውራ ጣት ይጫኑት፤ እንደ ድንጋይ ከደረቀ ወይም ተሸብሽቦ ከቀረ አገልግሎቱን ጨርሷል። ሦስተኛ፣ የውስጥ ንጣፉን አውጥተው በአዲስ ይተኩ፤ ጫማውንም አጥበው በደንብ ያድርቁት። የእግር ፈንገስ በእርጥብ ጫማ ይተላለፋል።

ፎርጅድ ጫማን በተመለከተ ችግሩ ስሙ አይደለም። ላዩ ዋናውን ቢመስልም የሶሉ ስፖንጅ ምን እንደሆነ አይታወቅም፤ ማጣበቂያውም ቶሎ ሊለቅ ይችላል። ታዋቂ ስም ከተጻፈበት ፎርጅድ ይልቅ ስሙ የማይታወቅ ግን ልክዎ የሆነና በደንብ የተሰፋ ጫማ የተሻለ ነው።

በባዶ እግር የመሮጥ ክርክር

ለኢትዮጵያዊ ይህ ክርክር ሲነሳ ቀድሞ የሚታወሰው አበበ ቢቂላ ነው። ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮም ኦሊምፒክ ማራቶንን በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ አሸነፈ። ብዙ ጊዜ የሚረሳው ቀጣዩ ታሪክ ነው። ከአራት ዓመት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1964 ቶኪዮ ላይ ጫማና ካልሲ አድርጎ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ዳግመኛ አሸነፈ። ከዚህ «ጫማ ያፈጥናል» ማለትም «ባዶ እግር ይሻላል» ማለትም አይቻልም። የምንማረው በልምምድ የጠነከረ እግር በሁለቱም መሮጥ እንደሚችል ነው። አበበ እግሩ ባዶ መሬት የለመደ ሯጭ ነበር፤ ቀኑን ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚውል የ45 ዓመት ሰው ግን እግሩ እንደዚያ አልተዘጋጀም።

በሌላው ዓለም ክርክሩ የጋለው እ.ኤ.አ. ከ2009 በኋላ ነው። በ2010 በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲው ዳንኤል ሊበርማን የተመራ ጥናት፣ ከልጅነታቸው በባዶ እግር መሮጥ የለመዱ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ በፊት እግራቸው እንደሚያርፉና ተረከዝ መሬት ሲመታ የሚፈጠረው ድንገተኛ ግጭት እንደማይታይባቸው አሳየ። ጥናቱ ግን በባዶ እግር የሚሮጥ ሰው ያነሰ ይጎዳል አላለም፤ ብዙ ሰው እንደዚያ አድርጎ ተረዳው። ከሦስት ዓመት በኋላ በሰሜን ኬንያ በሚኖሩ የዳሰነች ሰዎች ላይ የተደረገ ሌላ ጥናት፣ ባዶ እግር የለመዱ ሆነው ሳለ በዝግታ ሲሮጡ አብዛኞቹ በተረከዛቸው እንደሚያርፉ አሳየ። «ተፈጥሯዊው አረጋገጥ አንድ ብቻ ነው» የሚለው አባባል ስለዚህ አይጸናም።

በዚያው በ2013 የወጣ ሌላ ጥናት ለሐኪሞች ትልቅ ማስጠንቀቂያ ሆነ። 36 ልምድ ያላቸው ሯጮች በሁለት ተከፈሉ። አንዱ ቡድን በነበረው ጫማ ቀጠለ፣ ሌላው በ10 ሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ ጣት ጣት ወዳለው ስስ ጫማ ተሸጋገረ። እግራቸው በኤምአርአይ ሲታይ ወደ ስስ ጫማ ከተሸጋገሩት 19 ሰዎች ከግማሽ በላይ በሆኑት ላይ በእግራቸው አጥንት ውስጥ የእብጠት ምልክት ጨምሮ ተገኘ። ይህ አጥንት ከአቅሙ በላይ መጫኑን ያሳያል፤ ካልታረፈ ወደ ስንጥቅ ሊያመራ ይችላል። የዚህ ዓይነት ጫማ አምራች የሆነው ቫይብራም የጫማውን የጤና ጥቅም በተመለከተ የቀረበበትን ክስ በ2014 ጥፋቱን ሳያምን 3 ሚሊዮን 750 ሺህ ዶላር ለመክፈል ተስማምቶ ዘግቷል።

በሌላው ወገን ደግሞ እውነት አለ። ስስ ጫማ አድርጎ መራመድ የእግርን ትናንሽ ጡንቻዎች እንደሚያጠነክር ጥናቶች ያሳያሉ። በጉልበት ሕመም ለሚቸገሩ አንዳንድ ሯጮችም እርምጃን አሳጥሮ በዝግታ ወደ ስሱ መሸጋገር ሊያቀልላቸው ይችላል።

ማጠቃለያው ይህ ነው፦ አንዱ ከሌላው ያነሰ ጉዳት እንደሚያመጣ የሚያረጋግጥ ጠንካራ ማስረጃ የለም። በተለመደው ጫማዎ ያለ ሕመም የሚሮጡ ከሆነ ለመቀየር ምክንያት የለዎትም።

ወደ ስስ ሶል መቀየር ከፈለጉ

• መጀመሪያ ለጥቂት ሳምንታት በቤትና በአጭር መንገድ በእግር ሲሄዱ ብቻ ያድርጉት።
• ከዚያ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ቀን፣ ከመደበኛው ሩጫ ውስጥ 5 ደቂቃ ያህሉን ብቻ በእሱ ይሩጡ።
• በየሳምንቱ በጥቂት ደቂቃ ብቻ ይጨምሩ። ሦስት ወርና ከዚያ በላይ ይስጡት።
• ደረጃ ጫፍ ላይ ቆሞ ተረከዝን ከፍ ዝቅ በማድረግ ባትን ያጠንክሩ።
• ቀለል ያለ የባት ድካም የተለመደ ነው። በእግር አጥንት ላይ በአንድ ነጥብ የሚሰማ ሕመም ግን የማቆሚያ ምልክት ነው።

በባዶ እግር መሮጥ የሌለባቸው

የስኳር ሕመም ያለባቸው። ስኳር ከጊዜ በኋላ የእግርን ነርቭ ይጎዳል። ሰውየው ጠጠር ቢወጋው ወይም ጫማው ቢልጠው አይሰማውም፤ ትንሿ ቁስል ሳትታይ ትመረቅዛለች፣ መጨረሻው እግር እስከመቆረጥ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ፦

• ሩጫ ከመጀመርዎ በፊት እግርዎን ያስመርምሩ፤ ስሜቱና የደም ዝውውሩ ይታይ።
• ጫማ ከማድረግዎ በፊት ውስጡን በእጅዎ ይዳስሱ፤ ጠጠር፣ ምስማር ወይም የተጣጠፈ ካልሲ ሊኖር ይችላል።
• አዲስ ጫማ በመጀመሪያው ቀን ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ብቻ ያድርጉ፤ አውልቀው ቀላ ያለ ቦታ ካለ ይመልከቱ።
• በየማታው ውስጥ እግርዎንና በጣቶች መካከል ይዩ። ማጎንበስ ካቃተዎት ወይም ዓይንዎ ከደከመ መስታወት ይጠቀሙ፣ ወይም ልጅዎ ይይልዎት።
• ቁስል ካለ አይሩጡ። በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ጤና ተቋም ይሂዱ።

እግራቸው ደም በደንብ የማይደርሰው፣ ሥጋ ደዌ ነርቫቸውን የጎዳባቸው፣ አጥንታቸው የሳሳ ሰዎችም በዚሁ ውስጥ ይካተታሉ።

በቀይ አፈር አካባቢ የሚኖሩ። በደጋውና በወይና ደጋው የአገራችን ክፍል፣ ከእሳተ ገሞራ የመጣ ቀይ አፈር ባለበት ቦታ ለዓመታት በባዶ እግር መሄድ በአንዳንድ ሰዎች ላይ የእግር እብጠት ያስከትላል። ሕዝቡ ዝሆኔ ይለዋል። እርግማን ወይም ተላላፊ በሽታ አይደለም። ከልጅነት ጀምሮ ጫማ በማድረግና እግርን በሳሙና በመታጠብ ይከላከሉታል። ከዚህ በተጨማሪ ሙጀሌ፣ በቆዳ ሰርስሮ የሚገባ የመንጠቆ ትልና በምስማር ወይም በቆሻሻ ነገር መወጋት የሚያመጣው መንጋጋ ቆልፍ አሉ። ጫማ መግዛት ላልቻለ ሰው በረባሶም ኮንጎ ጫማም ከባዶ እግር ይሻላል። ባዶ እግር የምርጫ ጉዳይ የሚሆነው ጫማ ላለው ሰው ነው።

ለልጆች

«ያድግበታል» ብሎ ሁለት ቁጥር የሚበልጥ ጫማ መግዛት ልጁን ይጥለዋል፣ እግሩንም ይልጠዋል። የአውራ ጣት ስፋት ያህል ትርፍ ይበቃል። የልጆች እግር ቶሎ ስለሚያድግ በየሁለት ሦስት ወሩ ይፈትሹ። ንጹሕና ጉዳት የሌለበት ቦታ፣ ለምሳሌ ቤት ውስጥ ወይም የጸዳ ሣር ላይ፣ ጤነኛ ልጅ በባዶ እግሩ ቢጫወት ችግር የለውም።

ጫማው መቼ ይቀየር?

ብዙውን ጊዜ የሚነገረው ከ500 እስከ 800 ኪሎ ሜትር ነው። በሳምንት 15 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ ሰው ከስምንት ወር እስከ አንድ ዓመት ይጠቀምበታል ማለት ነው። ነገር ግን ቁጥሩ ሕግ አይደለም። ሶሉ በአንድ ጎን ካለቀ፣ ስፖንጁ ከተሸበሸበ ወይም ሳይጨምሩ አዲስ ሕመም ከጀመረ ይቀይሩት። የሩጫ ጫማዎን ለገበያና ለሥራ ባለማድረግ ዕድሜውን ያራዝሙ። ሲረጥብ በጥላ ያድርቁት፤ ምድጃ አጠገብ አያድርጉት። ሁለት ጥንድ ያለው ሰው እያፈራረቀ ቢሮጥ ጥሩ ነው።

ከጫማው በላይ የሚጠቅመው

ጀማሪ ከሆኑ ከ30 ደቂቃው አንድ ደቂቃ እየሮጡ ሁለት ደቂቃ እየተራመዱ ይጀምሩ። በሳምንት ሦስት ቀን ይበቃል፣ በመካከሉ ይረፉ። ርቀትና ፍጥነትን በአንድ ሳምንት አብረው አይጨምሩ። ለታላቁ ሩጫ ቲሸርት ከያዙ በኋላ በሁለት ሳምንት ለ10 ኪሎ ሜትር መዘጋጀት እግርን ያስከፍላል። ውድድር በሚሮጡበት ቀንም አዲስ ጫማ አይሞክሩ።

ለመሮጥ ብለው ዳይክሎፊናክ ወይም አይቡፕሮፌን አይዋጡ። ሕመሙን ሸፍኖ ጉዳቱን ያባብሳል፤ በጨጓራና በኩላሊት ላይም ጉዳት ያመጣል፣ የደም ግፊትንም ይጨምራል።

ወደ ሐኪም መሄድ ያለብዎት መቼ ነው?

• በአጥንት ላይ በአንድ ጣት ሊያሳዩት የሚችሉት ቦታ ሲያምም፣ በተለይ ሌሊትና በዕረፍት ጊዜ ከቀጠለ። በድካም የሚመጣ የአጥንት ስንጥቅ ሊሆን ይችላል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በራጅ ላይታይ ስለሚችል «ራጁ ደህና ነው» ተብለው ሕመሙ ከቀጠለ ተመልሰው ይሂዱ።
• ጠዋት ከአልጋ ሲወርዱ ተረከዝን የሚወጋ ሕመም ዕረፍትና የባት ማሳሳብ አድርገው በጥቂት ሳምንታት ካልተሻለ።
• የተረከዝ ጅማት ላይ «ቷ» የሚል ድምፅ ተሰምቶ በጣት መቆም ካቃተ። ይህ በቶሎ መታየት አለበት።
• አንድ ባት ብቻ ካበጠ፣ ከሞቀና ካመመ። የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ይታዩ። የትንፋሽ ማጠር ወይም የደረት ሕመም አብሮ ካለ ወዲያውኑ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።
• እግር ሲደነዝዝ ወይም ሲያቃጥል።
• ሲሮጡ ደረት ላይ ጫና፣ ራስ መሳት ወይም ያልተለመደ የልብ ምት ካጋጠመ ቆም ብለው ወዲያውኑ ሕክምና ያግኙ።

ወደ ሐኪም ሲሄዱ የሚሮጡበትን ጫማ ይዘው ይምጡ። ሶሉ የት እንዳለቀ ማየት፣ በሳምንት ስንት ቀንና ስንት ደቂቃ እንደሚሮጡ ማወቅና ሕመሙ የጀመረበትን ጊዜ መስማት ብዙ ምርመራ ያስቀራል።